በግርጌ የተቀመጠው ባትሪ

ያሞቀኛል አለች እናቷ። በራሷ አፍ፣ ማንም ሳይጠይቃት፣ የላክሽልን ነገር እግሬን እያሞቀልኝ ነው፣ አንቺንም ፈጣሪ በሄድሽበት ያሙቅሽ ብላ መረቀቻት፤ እሷም እንደ ወጉ አሜን አለች። አሜን ብላ፣ ስልኩን ዘግታ፣ ጫማዋን አውልቃ፣ ጥቁሩን መጋረጃ ስባ ከተጋደመች በኋላ ነው ነገሩ እንደ ዓሣ አጥንት ጉሮሮዋ ላይ የቆመው። የቱ ነገር ነው እናቷን የሚያሞቃት? የላከችው ካልሲ ጠበበ ተብሎ ለሌላ ሰው ከተሰጠ ዓመት አልፎታል፤ የጉልበቱ ቅባትም ድሮ አልቋል። ከእናቷ ጀርባ የታናሽ ወንድሟ ሳቅ ይሰማ ነበር። ባትሪውን ማለቷ ነው አለ፣ የብስክሌቴን ባትሪ፣ ቻርጅ ሳደርገው ግርጌዋ አስቀምጥላታለሁ፣ አለዚያ እንቅልፍ አይወስዳትም። እሷም አብራው ስቃ ነበር። ያኔ ስቃለች፤ አሁን ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ነው፣ ሰው ሁሉ ወደ ሥራው ሲጣደፍ እሷ ከሌሊት ሥራ ገብታ የምትተኛበት ሰዓት፣ እንቅልፍ ግን በበሩም አላለፈ። ዓይኗን ጣራው ላይ ተክላ፣ ባትሪ አያሞቅም ትላለች በልቧ፣ ደህና ባትሪ ሰው አያሞቅም፤ ሲሞላ ለብ ይል ይሆናል፣ እንደ ጤነኛ ሰው ግንባር ለብ። በጋቢና በብርድ ልብስ ውስጥ አልፎ የሰማንያ ዓመት አሮጊት እግር የሚያሞቅ ባትሪ ግን ታሟል።

ይህን ከቤተሰቡ ሁሉ አብልጣ የምታውቀው እሷ ናት፤ ጉዱ ያለውም እዚያ ላይ ነው። አገር ቤት እሷ መሐንዲሷ ናት። ሥራውን የያዘች ሰሞን ባትሪ ፋብሪካ ገባሁ አለች፤ ወንድሟ ምን ሆነሽ ሲላት መርማሪ አለችው፤ ውሸትም አልነበረም፣ በእጇ መለኪያ ይዛ ነው የምታድረው። ወሬ ደግሞ መንገድ ላይ ይወልዳል። ከቤት መርማሪ ሆኖ የወጣው ለቅሶ ቤት ሲደርስ ተቆጣጣሪ፣ ማኅበር ቤት ሲደርስ መሐንዲስ ሆነ፤ ከስድስት ወር በኋላ ዞሮ ዞሮ በስልክ ወደ ራሷ ጆሮ ሲመለስማ ዲግሪ ሁሉ ይዞ ነበር። አላረመችውም። የተደረበለትን ካባ በገዛ እጁ አውልቆ ኧረ የእኔ አይደለም የሚል ማን አለ፤ ደግሞስ እናቷ መሐንዲሷ ልጄ ስትል ድምጿ እንዴት እንደሚቀና ሰምታ የለ። አንዲት ያገባች፣ አንዲት የወለደች ልጅ የላት፤ ያላት ይቺ ናት፣ ይቺም ሃያ ሁለት ዓመት ዓይኗ አልታየም። ይሁን አለች። ማን ይጎዳል አለች። አሁን ያንን ማን ይጎዳል ያለችበትን ቀን ብታገኘው በጥፊ ትመታው ነበር።

ፋብሪካ የሚባለው ከጎማ መሸጫ ጀርባ ያለ መስኮት አልባ አዳራሽ ነው። አንድ ረጅም ጠረጴዛ፣ ዘጠኝ ሴቶች፣ ፊትን ሁሉ የሬሳ ፊት የሚያስመስል ነጭ መብራት። ጆንያው ይገለበጣል፤ ከተጣለ ላፕቶፕ፣ ከተሰባበረ ስኩተር፣ የማን እንደነበረ ከማይታወቅ ዕቃ የወጣ ባትሪ ሁሉ ጠረጴዛው ላይ ይዘረገፋል። ይፈለቅቁታል። ውስጡ አውራ ጣት የሚያካክሉ፣ ሴል የሚሏቸው ትናንሽ የብረት ቀለሃዎች የመሰሉ ነገሮች ተደርድረው ይገኛሉ፤ የብስክሌት ባትሪ ማለት እነሱ አርባ አርባ ሆነው ሲበየዱ ነው። የእሷ ድርሻ አሮጌውን የፕላስቲክ ቆዳ በምላጭ መግፈፍ፣ ብረቱን በአልኮል መጥረግ፣ ቴስተር የሚሉትን መለኪያ ማስነካት ነው። ቁጥሩ ከታዘዘው በላይ ካሳየ አልፏል፤ በታች ከሆነ ጓሮ ወዳለው የአሸዋ በርሜል ይጣላል። ላለፈው አዲስ ሰማያዊ ቆዳ ታለብሰዋለች፣ ፀጉር ማድረቂያ በመሰለው ማሽን ሙቅ አየር ትነፋበታለች፣ ቆዳው ጥብቅ ብሎ ይጣበቃል፤ በቃ፣ አዲስ ነው። ተበይዶ ሲያልቅ በወፍራም ፕላስቲክ ይጠቀለልና ጥራቱ ተመርምሯል የሚል ማኅተም ያለበት ወረቀት ይለጠፍበታል። ማኅተሙ ከማተሚያ ቤት በጥቅል ነው የሚመጣው፤ ሴሉ ከጆንያው ሳይወጣ ማኅተሙ ቀድሞ ደርሷል። አሠሪያቸውን በሆዷ ሚዜው ትለዋለች። ሽማግሌ አጥቦ፣ ሱፍ አልብሶ፣ ሙሽራ ነው ብሎ የሚያቀርብ ሰው ሌላ ምን ስም ይወጣለታል።

ቴስተር የዛሬን እንጂ የትናንትን አይናገርም። ስንት ጊዜ እንደወደቀ፣ ስንት ጊዜ እንደጋለ፣ ውኃ ገብቶት እንደሆነ፣ ሦስት ዓመት መጋዘን ውስጥ ባዶውን ተጋድሞ እንደሆነ አይናገርም። ቁጥሩን ያሳያል፣ ያልፋል። በሰርጉ ዕለት የማያምር ሙሽራ የለም፤ ጉዱ የሚታወቀው ከርሞ ነው። ሲሞላ በቃ ብላ መብራቱን መቁረጥ ያለባት ትንሽ ካርድ ደግሞ አለች፣ እሷን ሚዜው ከርካሹ ርካሽ ነው የሚያመጣት፤ አንዳንዷ ትቆርጣለች፣ አንዳንዷ ትረሳለች። አንድ ንጋት፣ ተረኞቹ ሊወጡ ካፖርት ሲለብሱ፣ የአሸዋው በርሜል ፉጨት አሰማ። እንደ ምጣድ ሳይሆን እንደ እባብ ነው ያፏጨው። ከዚያ ነጭ ጭስ፣ ከዚያ የሚወረወር እሳት፤ ውኃ ደፉበት፣ ጠፋ፣ ተመስገን አሉ፤ ካፖርታቸውን ቆልፈው ሳይጨርሱ እንደገና ከራሱ ሆድ ተነሥቶ ነደደ። ከውጭ የተለኮሰ እሳት አየሩን ሲያሳጡት ይሞታል፤ ይህ ግን ምግቡን በሆዱ የያዘ ነው። ሚዜው ሁላቸውንም በየዓይናቸው አያቸው፤ በማግስቱ አዲስ በርሜል ቆሞ ነበር። ማንም ስለ አሮጌው አልጠየቀም። እሷም አልጠየቀች።

ታዲያ ይህን እያወቀች ለምን ላከች። ሰው ይህን ቢጠይቃት፣ የሚጠይቃት ሰው የለም እንጂ፣ ምን ትላለች። ወንድሟ ከልጅነቱ ጀምሮ እግሮቹ አይታዘዙለትም። ማኅተም ቀራጭ ነው፤ ከገበያው ጫፍ ባለች አንድ በር ኪዮስኩ ለዕድሩም ለክሊኒኩም ለነጋዴውም የጎማ ማኅተም ይቀርጻል፣ ፊደል ገልብጦ በመጻፍ የሚወዳደረው የለም። ከቤት ኪዮስክ የሚያደርሰው ባለ ሦስት ጎማ የኤሌክትሪክ ብስክሌቱ ነው፤ የዚያ ባትሪ ሞተና አራት ወር ቤት ተቀመጠ። እሱ ላኪልኝ አላለም። እናቷ ናት፣ አንቺ ከምንጩ ዳር ቆመሽ ወንድምሽ ውኃ ይጠማው ብላ። ከምንጩ ዳር። እሷም አርባ ሴል በገዛ እጇ መረጠች፣ ለሌላው አንድ ጊዜ የምታስነካውን ቴስተር ለእነዚህ ሦስት ሦስት ጊዜ አስነካች፣ ቁጥራቸው ከሁሉ የበለጠውን፣ ቆዳቸው ያልቆሰለውን፤ ከክፉ ነገር ውስጥ ደግ መምረጥ እንደሚቻል ሁሉ። ከዚያም ዕቃቸውን በመርከብ ጭነው ወደ አገር ለሚገቡ ባልና ሚስት ሰጠች፤ ወረቀት የሌለው ባትሪ ስለማይጫን በልብስ ማጠቢያ ማሽናቸው ሆድ ውስጥ፣ በአንሶላ ጠቅልለው ደበቁት። ሲደርስ እልልታው በስልክ ይሰማ ነበር። ወንድሟ ማኅተሙን በማጉያ መነጽር አይቶ፣ እታለም ይህ የእጅ ሥራ አይደለም፣ የማሽን ነው፣ ጠርዙ ምላጭ ነው፣ ዕቃው ጥሩ መሆኑን ማኅተሙ ይናገራል አላት። ማኅተም ያወቀ መስሎት ባትሪ አወቀ።

ፎቶውንም ልኮላት ነበር። እናቷ ዕቃ ራቁቱን አይቀመጥም ባይ ናት፤ ራዲዮኑ ዳንቴል ለብሷል፣ ቴሌቪዥኑ ዳንቴል ለብሷል፣ ማቀዝቀዣው ራሱ ጨዋ ሴት ይመስል ነጠላውን አጣፍቶ ነው የቆመው። ባትሪው ከውጭ የመጣ ነውና ኮሪደር ይደር ማለት ነውር ሆነ፣ አቧራ ይጠጣል፣ ብርድ ይመታዋል፣ ሌባ ያየዋል፤ ስለዚህ መኝታ ቤት ገባ፣ አበባ አበባ ያለበት ነጭ ዳንቴል ተሠራለት፤ ለቻርጀሩ ገመድ መውጫ እንኳ ቀዳዳ ተትቶለታል፣ ዳር ዳሩ ተከፍፎ። ያኔ ፎቶውን እያየች እንባዋ እስኪመጣ ነው የሳቀችው። አሁን ያንኑ ፎቶ ታጎላዋለች፣ ትጠጋዋለች። ጎኑ አብጧል? ዳንቴሉ ነው ያሳበጠው? ፎቶው የስምንት ወር ነው። በስምንት ወር ስንት ነገር ያብጣል። እናቷ በዚያ ሰሞን አንድ ነገር ብላ ነበር፣ ቤቱ ውስጥ ፍራፍሬ ፍራፍሬ ይሸታል፣ የማን ሎሚ እንደሆነ እንጃ ብላ ነበር፤ ወንድሟ እማዬ አፍንጫዋም አረጀ ብሎ ቀልዶ። ሎሚ አይደለም። ያ ሽታ ጠረጴዛው ላይ አንድ ሴል ሲተነፍስ የሚወጣው ሽታ ነው፣ ጣፋጭ፣ እንደ ጥፍር ቀለም። ወይስ አሁን ነው የፈጠረችው? እናቷ ሎሚ አለች ወይስ አሁን ራሷ ናት ያለችው? የሰው ልብ ሲጠረጥር የሌለ ምስክር ይጠራል፤ ምስክሩም ይመጣል።

ከአልጋዋ ተነሣች። ኮሪደሩ ላይ፣ ከብቸኛው መውጫ በር ሥር፣ የጎረቤት ክፍል ተከራዩ፣ ምግብ በብስክሌት የሚያደርሰው ሰውዬ ባትሪውን ሰክቶ ተኝቷል። ይህ የየዕለቱ ጦርነታቸው ነው፣ እሱ ግን ጦርነት ላይ መሆኑን አያውቅም። እሱ ይሰካል፣ እሷ ትነቅላለች፤ ሲነሣ ግማሽ የሞላ ባትሪ ያገኛል። መጀመሪያ ቻርጀሩን ጠረጠረና ለወጠ። ቀጥሎ ግድግዳውን ጠረጠረ። ከዚያ አከራዩን ጠረጠረና በስልክ ተጨቃጨቁ። ባለፈው ሳምንት፣ ጠዋት ጠዋት የሚነቅለው እጅ ይነቀል የሚል ወረቀት ከሶኬቱ በላይ ለጥፏል፤ በማግስቱ ደረጃው ላይ ሲያገኛት ማን ይመስልሻል ብሎ ሲጠይቃት፣ ዘመኑ ክፉ ነው ወንድሜ ብላው አለፈች። ዛሬም ነቀለችው። ከነቀለች በኋላ እንደ ልጅ ትኩሳት የእጇን ጀርባ አስነካችው። ለብ ብሏል፤ ለብ ብቻ። የማታውቀው ሰው ባትሪ እንደ ጤነኛ ግንባር ለብ ብሏል፤ እሷ ግን ለገዛ እናቷ የሚያሞቀውን ላከች። እዚያው ኮሪደሩ ላይ ቁጭ አለች፣ ጀርባዋን ግድግዳ አስደግፋ፣ መልሳ ሰካችለት፣ መልሳ ነቀለችው፤ ከዚያ ስልኳን ከኪሷ አወጣች።

ወንድሟ አያነሳም። አሥር ጊዜ ጠራ፣ አላነሳም። ለምን አያነሳም? ኪዮስክ ነው፣ ደንበኛ ይዞ ነው። ወይስ ከማለዳው ስልክ ወዲህ ባለው ሦስት ሰዓት ውስጥ የሆነ ነገር ሆኗል። ደግሞ ቢሆን ማን ይነግራታል? በውጭ ላለ ሰው መርዶ አይነገርም፤ ብቻውን ነው፣ ሰው ይሂድለት፣ ጊዜ ይውሰድ ይባላል፤ አባቷ ሲሞት ዘጠኝ ወር ሙሉ ደህና ነው፣ ጉሮሮውን ይዞት ነው የማያናግርሽ ሲሏት ነበር፤ ዘጠኝ ወር የማር መግዣ ገንዘብ ለሬሳ ስትልክ። ደህና ነን የሚለውን ቃል ከዚያ ወዲህ እንደ ቴስተር ቁጥር ነው የምታየው። እንደገና ደወለች። አነሣ። ኋላው የገበያ ጫጫታ ነው፤ እናታችንስ ስትለው ደህና ናት አለ፤ አቅርባት ስትለው ኪዮስክ ነኝ እኮ እታለም አላት፤ ታዲያ ደህና መሆኗን በምን አወቅህ ስትለው ዛሬ ምን ነካሽ አለ።

ያን ጊዜ ነው መናገር የነበረባት። ቃሉ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር፤ አሮጌ ነው፣ እኔ ነኝ ያደስኩት፣ ሊነድ ይችላል። ሦስት ቁራጭ ዓረፍተ ነገር። ከሦስቱ በፊት ግን አንዲት ሌላ መቅደም አለባት፣ መሐንዲስ አይደለሁም የምትል፤ እሷ አልወጣ አለች፤ ስለዚህ ሦስቱም ተከትለዋት ተመለሱ። በምትኩ ምን አለች፣ ከፋብሪካው ደብዳቤ መጥቷል አለች። ራሷም ገረማት፣ እንዴት ቶሎ መጣላት። በዚያ ዙር የተሠሩት ባትሪዎች ይሰብሰቡ ተብሏል፣ ጥቃቅን የጥራት ጉዳይ ነው፣ ሕግ ሕግ ነው፣ ከቤት ይውጣ፣ ዛሬውኑ ይውጣ።

ወንድሟ ማኅተም ቀራጭ ነውና ደብዳቤ ሲባል የሚጠረጥር ሰው ነው። ጫጫታው እስኪያልፍ ጠብቆ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

«እታለም፣ ለማን ልትሰጪው ነው?» አላት።

«ለማንም»

«የአክስታችን ልጅ ባለፈው ሳምንት ደውሎልሻል። ሞተር አስገጥሜያለሁ፣ ባትሪ ብቻ ነው የቀረኝ ብሎ ሲፎክር ሰምቻለሁ። እሱ እግር አለው፤ አስቢው እንጂ»

ማለች። ለማንም አልሰጥም ብላ ማለች፤ አላመናትም። እማዬ ትሙት ልትል አፏን ከፈተች፤ ዕድሜዋን ሙሉ ያለችው መሐላ ነው፣ ሰው ሁሉ የሚለው፤ ዛሬ ግን ምላሷ ላይ ሲደርስ የሚነድ ነገር ሆነባትና ነከሰችው። ዝምታዋ ለወንድሟ ማስረጃ ሆነው። በእናቷ ሳትምል የቀረች ሴት ምን ብትደብቅ ነው። ቆይቶ ሳቀ፣ የሚያስቅ ነገር ያገኘ ሰው ሳቅ አልነበረም። እዚያ አገር ሰው ፈሪ ነው አሉ፣ ለስላሳ ጠርሙስ ላይ እንኳ ተጠንቀቁ ብለው ይጽፋሉ አሉ፤ እሺ፣ ይውጣ ካልሽ ይወጣል፣ ያንቺ ዕቃ ነው፤ ዛሬ ማታ እማዬ ግርጌ አያድርም። በምን ትሄዳለህ አለችው። እሱን ለእኔ ተይው፣ እግር አላጣም እንጂ መላ ካጣሁ ቆየሁ ብሎ ቃሉን ራሱ ገልብጦ ራሱ ሳቀ። ዘጋው። ማምሻውን ደግሞ በመልእክት አንድ ቃል ላከላት። ወጥቷል የሚል።

ወጥቷል። ሦስት ቀን በዚያች ቃል ላይ ተኛች። ሥራ ገብታ ቆዳ ትገፍፋለች፣ ቴስተር ታስነካለች፣ ሚዜው ከኋላዋ ቆሞ ዛሬ እጅሽ ፈጠነ ሲላት እንኳ አልተቀየመችውም፤ ቤት ትገባለች፣ መጋረጃውን ትስባለች፣ እንደ ድንጋይ ትወድቃለች። የምግብ አድራሹን ባትሪ ሦስት ቀን ሳትነቅለው ቀረች፤ ሰውዬው አከራዩ ልብ ገዛ ብሎ ደስ ብሎት ወረቀቱን አነሣ። በአራተኛው ቀን፣ ከሥራ ስትገባ፣ ካፖርቷን ሳታወልቅ አንድ ነገር በአእምሮዋ ቆመ። ወጥቷል ነው ያለው። ወደ የት? የነገረችውን ቃል በቃል መልሳ ታስታውሳለች፣ ከቤት አውጣው ብላለች፣ ዛሬውኑ ብላለች። ከሰው ራቅ አድርገህ አፈር ውስጥ ቅበረው ብላለች? ልትል አስባ ነበር። ሳቁ መሐል ቀርቷል። እሳት የሚለውን ቃል ከአፏ አውጥታዋለች? አላወጣችውም። ሙሉ ንግግሩን ከላይ እስከ ታች ፈተሸችው፣ ኪስ እንደሚፈተሽ፤ እሳት የሚባል ቃል አልተገኘም።

ደወለች። ወዲያው አነሣ፣ ድምፁ የበዓል ድምፅ ነው። ኪዮስክ ደርሷል፤ በጠዋት፣ በሰዓቱ። በምን ደረስህ አለችው። አናጢው አደረሰኝ አለ፣ ከእኛ ቤት በግድግዳ የሚዋሰነው አናጢ፣ ታውቂው የለ፣ ባለ ጋሪ ብስክሌቱ ባትሪዋ ሞቶ ዓመት ሙሉ ጣውላ በትከሻው ሲሸከም የነበረው። አሁን ጠዋት ይወስደኛል ማታ ይመልሰኛል፣ ከጣውላው ላይ አስቀምጦ፣ እንደ ንጉሥ ነው የምሄደው።

«ባትሪ ከየት አመጣ?» አለች። ታውቀዋለች። እያወቀች ነው የጠየቀችው።

«ያንቺን ሰጠሁታ። ከቤት አውጣው አልሽኝ፣ አወጣሁት»

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። እሱ ይናገራል። ለሰው ጠቀመ፣ አልተጣለ፣ ለአክስታችን ልጅም አልሄደ፤ ፋብሪካሽ ቢጠይቅሽ ጠፋ በያቸው፤ እዚህ ድረስ መጥተው አይፈትሹ። እሷ የአናጢውን ቤት እያየች ነው። ልጅ ሆና የምታውቀው ቤት ነው፣ ያኔ የአናጢው አባት ነበር የሚሠራበት፤ አንድ ክፍል፣ በመጋረጃ የተከፈለ፣ ከመጋረጃው ወዲህ መላጊያና መጋዝ፣ ከወዲያ አልጋ። እግር የሚያስገባ ቦታ የሌለው ሰጋቱራ። በእግሯ እየበተነች ስትጫወትበት የአናጢው አባት፣ ተይ ልጄ፣ አንዲት ክብሪት የወደቀች ቀን ሁላችንም ከሰል ነን ይላት ነበር። ግድግዳው ከእናቷ ግድግዳ ጋር አንድ ነው። አወጣሁት አለ እንጂ ባትሪው የወጣው ከግድግዳው ወዲህ ወደ ወዲያ ነው፤ አሁን ደግሞ አምስት ልጅ ተጨምሮበታል።

ይህ ሚዜው የሚያደርገው ነው፤ በርሜሉ ሲነድ በርሜሉን መቀየር። እሱን በሆዷ ስትሰድበው ኖረች፤ ለካ የሰደበችውን ሥራ በስልክ አገር ቤት ልካዋለች፣ እንደ ካልሲው። ወንድሟ ምን አጠፋ። ደብዳቤ አለችው፣ ደብዳቤ ማለት ለእሱ የሚፈራ ሰው ጉዳይ ነው። እሳት ብትለው ኖሮ ለጠላቱም አይሰጠው። አሁንም ልትነግረው ትችላለች፤ እሱ ለአናጢው ይነግረዋል፤ ግን ምን ብሎ ይነግረዋል? እህቴ ሐሳቧን ለወጠች ቢለው አናጢው ምን ያስባል፤ የሰጡትን ሊቀሙኝ ነው፣ ለዘመድ አስበውት ነው ይላል፣ ወንድሟ ራሱ ያሰበው ይህንኑ አይደል፤ ደብቆ ያስቀምጠዋል፣ ሰጋቱራ ውስጥ። የአናጢውን ስልክ ስጠኝ አለችው። ለምን አላት። ስጠኝ አለችው፣ ለእናቷም ለአባቷም ተናግራበት በማታውቀው ድምፅ። ሰጣት።

አናጢው ቶሎ አነሣ። ማንነቷን ስትነግረው ከመቀመጫው የተነሣ ሰው ድምፅ ሆነ፤ እትዬ፣ እርስዎ ነዎት፣ እኔ ነበርኩ መደወል የነበረብኝ እያለ ምስጋናውን ከሥር ጀመረው፤ ትከሻው እንዳረፈ፣ ሚስቱ ያቺ መሐንዲስ ትባረክ እያለች እንደምታድር፣ በአንድ ቀን ሦስት ቤት በርና መስኮት እንዳደረሰ። ማቋረጥ ፈለገች፤ እንዲህ የሚመርቅ ሰው በየት በኩል ይቋረጣል። ከኋላው መዶሻ ይሰማል፣ ልጆች ይጣላሉ፣ አንዱ አለቀሰ። ለባትሪውም ቤት ሠራሁለት አላት አናጢው፣ በኩራት፤ ከወፍራም ጣውላ፣ ማጠፊያ ያለው ክዳን አድርጌ፣ እንዳይነቀነቅ ዙሪያውን በሰጋቱራ ሞልቼ፤ አሁንም እዚያው ሆኖ እየሞላ ነው፣ ጣቴን ብሰድበት ይሞቃል፣ ጉልበት አለው ማለት ነው፤ አንድ ነገር ብቻ ሲያሳስበኝ ሰነበተ፣ መሐንዲስ እስካገኘሁ ድረስ ልጠይቅ።

«ሲሞላ ክዳኑን ልክፈተው ወይስ ልዝጋው?»

ጥያቄው ጨዋ ነበር። ሰው ሐኪም ሲያገኝ እንደሚጠይቀው። ለአንድ አፍታ፣ እግዜር ይይላት፣ መልሱን እንደ መሐንዲስ ልትመልስለት አሰበች፤ አውጣው፣ ሰጋቱራው አየር ይከለክለዋል፣ ደንቡ እንዲህ ነው ልትል፤ ደንብ ቢሰማ ይታዘዝ ይሆናል፣ ካባዋም ሳይወልቅ ይቀራል። ከዚያ ደብዳቤ ባለችው ቀን ወንድሟ የሳቀውን ሳቅ በልቧ ሰማችው።

«እኔ መሐንዲስ አይደለሁም» አለች። «ስማኝ፣ አታቋርጠኝ። ባትሪው አዲስ አይደለም። የተጣለ ነው፤ ቆዳውን ገፍፌ አዲስ ያስመሰልኩት እኔ ነኝ፣ ሥራዬ እሱ ነው። የሚሞቀው ስለታመመ ነው። እሳት ያነሣል፤ ሲነሣ በውኃ አይጠፋም። አሁን ንቀለው፣ ልጆቹን አስወጣ፣ ሳጥኑን ከነክዳኑ ተሸክመህ ግቢው ጫፍ ከአጥር ራቅ አድርገህ አፈር ላይ አስቀምጠው። ስልኩን አትዝጋው»

መዶሻው ቆመ። ስልኩ ጣውላ ላይ ሲቀመጥ ሰማች፤ ልጆቹን አንድ በአንድ ሲጠራ፣ አንዷ አልወጣም ስትል፣ ሲቆጣት፤ ከዚያ አንድ ከባድ ነገር ሲጎተት፣ ከዚያ ምንም። ቆይታ ቆጠረች፣ መቁጠር አቆመች። ካፖርቷን እንደለበሰች ነው። ኮሪደሩ ላይ የምግብ አድራሹ በር ሲከፈትና ሲዘጋ ሰማች። ሃያ ሁለት ዓመት እዚህ አገር ስትኖር ለአንድ ሰው ሥራዋ ምን እንደሆነ ስትናገር ይህ የመጀመሪያዋ ነው፤ እሱም ፊቱን ለረሳችው ሰው። ምንም አልቀለላትም። ይቀልላል የሚሉት ኑዛዜ የሚቀበሉት ናቸው።

ተመለሰ፤ ትንፋሹ ይቆራረጣል። አውጥቼዋለሁ አለ። እትዬ አላለም፣ አንቱም አላለም።

«ወንድምሽ ይህን ያውቃል?»

«አያውቅም። ለእሱም ዋሽቼዋለሁ። አሁን ደውዬ እነግረዋለሁ»

አናጢው አምኗት ይሁን፣ ወይስ የሰጡኝን ሊመልሱ ብልሃት ፈጠሩ ብሎ ጠርጥሯት ይሁን ከዚህ ሆና ልትለየው አልቻለችም፤ ሞከረች፣ ትንፋሹን አዳመጠች፣ አልቻለችም። ይጠርጥር አለች። እኔንም፣ ወንድሜንም፣ ደብዳቤውንም፣ ማኅተሙንም ይጠርጥር፤ ብቻ ያንን ሳጥን ወደ ቤት አይመልሰው።